እንሶስላ ለጥላ ግቢ፦ መሀል አዲስ አበባ የሚሸጠው ችግኝ ሲገመገም

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሳር ቤት፣ በየአሮጌው ግቢ አንድ እምቢ ያለ ጥግ አይጠፋም። ከቤቱ ጀርባ በግድግዳውና በአጥሩ መሀል የቀረችው ሁለት ሜትር፣ ወይም አቮካዶው ሥር ያለችው ቦታ። ሣሩ ይመነምናል፣ ጽጌረዳው ፀሐይ ፍለጋ ቀጥኖ ይንጋደዳል፣ መጨረሻ ላይ ቦታው የአሮጌ ጣውላና የጀሪካን ማስቀመጫ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ጥግ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ የሚቀርብላችሁ ፈርን ወይም ቢዚ ሊዚ ነው። «እንሶስላ የለም?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የሚያውቀው ግን ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁት ሥር መሆኑን ነው። ለጥላ ቦታ ከአገራችን አበቦች ሁሉ ከሚስማሙት አንዱ እንደሆነ የሚነግር ጥቂት ነው።

እዚህ የሚገመገመው በመሀል ከተማው የችግኝ መደቦች በጥቁር ፕላስቲክ ተተክሎ የሚሸጠው እንሶስላ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ፦ ለተክሉ ከ5 5፣ ለችግኙ አያያዝ 3፣ ከሽያጩ ጋር ለሚሰጠው ምክር 1። ነጥቦቹን ይህን ያህል ያራራቃቸው አንድ ነገር ነው። ሻጩም ገዢውም ዓይናቸው ቅጠሉና አበባው ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ግን ከአፈር በታች ያለው ሥር ነው። ይህ ስላልተነገረ ብቻ ብዙ ጤነኛ እንሶስላ በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከነአፈሩ ይጣላል።

እንሶስላን ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ብሎ በሳይንስ ስም የመዘገበው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ነው፤ ዘመኑም 1847 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ቲንክቶሪያ ማለት በላቲን ለማቅለሚያ የሚውል ማለት ነው። በአንዳንድ አካባቢ ግርሽጥም ይሉታል። በተፈጥሮው የሚገኘው በደጋና በወይና ደጋ ጫካ ውስጥ፣ በወንዝ ዳርና እርጥበት በማይለየው ገደል ሥር ነው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፍታው ለእሱ ባዕድ አይደለም። ግንዱ ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረና ሲጫኑት ቀጭ የሚል ነው፤ ከተመቸው አንድ ሜትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ረጅም፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው።

አበባውን አንድ ጊዜ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ነጭ ነው፤ ሁለቱ የታችኞቹ ቅጠሎቹ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ሰፋ ብለው ይወርዳሉ፣ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ጭረት አለ። ከጀርባው ቀጭን ጅራት ይንጠለጠላል፤ ርዝመቱ አሥር ሳንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ውስጡ ማር ይቋጥራል። ቀን ላይ ብታሸቱት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ጣፋጭ መዓዛው ግቢውን ያውዳል፤ በመዓዛው የሚጠራውም የሌሊት ቢራቢሮን ነው። ስለዚህ ከተቻለ ከመኝታ ቤት ወይም ከሳሎን መስኮት ሁለት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ትከሉት። ከአጥሩ ጥግ ቢተከል ግማሹ ዋጋ ጎረቤት ይሄዳል።

ወደ ግዢው እንግባ። አንደኛው ችግር ስም ነው። «እንሶስላ» ተብሎ ቢዚ ሊዚ ሊሰጣችሁ ይችላል። ዘመዳሞች ናቸው፣ ቢዚ ሊዚም የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ እንደ ድንች አያብጥም፣ ቁመቱም ብዙ ጊዜ ከ60 ሳንቲሜትር አያልፍም፣ አበባው ጠፍጣፋ ሆኖ ሮዝ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ነው። ሌላው ኢምፔሸንስ ሮቲ የተባለው፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ቀይ አበባ ዘመዱ ነው። እሱ ከተሰጣችሁ አትቆጡ፤ ሥር ያለው፣ ጥላ የሚወድ፣ እንዲያውም በገበያ በቀላሉ የማይገኝ ነው። አያያዙም ያው ነው። ስሙን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለት የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማዕከሉን፣ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ፕላስቲኩ ላይ ነው። ከላይ አትጀምሩ። የፕላስቲኩን ታችኛ ሢሶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ያለ፣ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ከተሰማችሁ ሥሩ አለ። አፈሩ እንደ ሊጥ የሚላላ ከሆነ ወይ ገና ቁርጥራጭ ነው፣ ወይ ሥሩ በስብሷል። ቀጥሎ ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች እዩ፤ ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ብቅ ካሉ ችግኙ እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ያደገ ነው። ቡናማና የሚያሙለጨልጭ ሥር፣ ወይም የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ሽታ ካለ ተዉት። በቀጫጭኖቹ ሥሮች ላይ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ትንንሽ እብጠቶች ካያችሁ ደግሞ ኔማቶድ የሚባለው ዓይን የማያየው ትል ገብቶበታል፤ ያንን ወደ ግቢ ማስገባት ለቲማቲሙም ለካሮቱም መዘዝ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚያስከፋው ነው። ከሚሸጠው ውስጥ ከጫካ ተነቅሎ በሳምንቱ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ አለ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሥሩ ትልቅ ሆኖ ቀጫጭን ሥር የለውም፣ የመቆፈሪያ ቁስል አለበት፣ ሥሩን የከበበው አፈር ከፕላስቲኩ አፈር የተለየ ቀለም አለው፣ ቅጠሉም ጠዋት እንኳ የረገበ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ክረምቱን አያልፍም፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ሥር ስንቅ ያከማቻል እንጂ ውኃ የሚስበው ቀጫጭኑ ሥር ነው፤ እሱ ደግሞ ቁፋሮው ላይ ቀርቷል። ሥሩ ለመሞቂያ፣ ቅጠሉ ለገበያ ተብሎ የሚራቆተው ወንዝ ዳር ግን በአንድ ዓመት አይመለስም። «ይህ ከየት መጣ? እናንተ ናችሁ ያባዛችሁት?» ብሎ መጠየቅ የገዢ መብት ነው፤ በቁርጥራጭ ያባዛ ሻጭ መልሱን ሲሰጥ አይግደረደርም፣ እናት ተክሉንም ያሳያችኋል። ከእሱ ግዙ፣ ትንሽ ቢያስወድድም።

በገበያ ለመሞቂያ የሚሸጠውን ሥር ገዝቶ መትከል ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ይቻላል፣ ግን ዕድል ነው። ከላይኛው ጫፉ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ጉብታ) ያለው፣ ያልተፋቀ፣ ያልተጨማደደና ሲይዙት የሚከብድ ከሆነ ይበቅላል። ዓይኑ የተቆረጠው አፈር ውስጥ ከመበስበስ ሌላ ዕጣ የለውም።

ቦታ መምረጥ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። «ጥላ» ሲባል ጨለማ ማለት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ለመትከል ባሰባችሁት ቦታ እጃችሁን ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። የጣቶቹ ጥላ ጥርት ብሎ ከታየ ፀሐዩ በዝቷል። ጥላው ደብዘዝ ብሎ ዳሩ ከጠፋ እሰየው፣ ቦታው ተገኝቷል። ምንም ጥላ ከሌለና ቦታው ጭልምልም ካለ፣ አዲሶቹ ፎቆች መሀል እንደተዋጡት ጠባብ ግቢዎች ማለት ነው፣ ተክሉ ይኖራል፤ ግን ቀጥኖ ይወድቃል፣ አበባውም ይቆጠራል።

አቅጣጫም ልዩነት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ በበጋ ጥላ፣ በክረምት ደግሞ በደመና የተሸፈነ ብርሃን ያገኛል፤ እንሶስላ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ምሥራቅም ጥሩ ነው፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል የምትቆየው ፀሐይ አትጎዳውም። የምዕራብ ግድግዳ ግን አይሆንም። መስከረም ላይ ደመናው ሲገለጥ የከሰዓቷ ፀሐይ ቅጠሉን ከዳሩ ጀምራ ታቃጥለዋለች፣ ግድግዳውም የጋለውን ሙቀት እስከ ማታ ይመልስበታል።

ከዛፍ ሥር ከሆነ የዛፉ ዓይነት ይለያል። ኮሶና አቮካዶ ሥር ደኅና ይሆናል፤ የአቮካዶው የታችኛ ቅርንጫፎች እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ከተገረዙ ደግሞ ይበልጥ። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ሥር አትልፉ። ጥላው ያማረ ቢመስልም ሥሮቻቸው የላይኛውን አፈር እርጥበት ከበጋው መጀመሪያ አንስተው ይጨርሱታል፤ የምታጠጡት ውኃም የሚጠቅመው ዛፉን ነው።

መትከያው ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ጉድጓዱን 40 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት አድርጉት። አፈራችሁ ቀይ ከሆነ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ቅጠል፣ ግማሽ እጅ ቀይ አሽ በቂ ነው። መረሬ፣ ማለት ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ከሆነ ግን ጉድጓድ መቆፈር ብቻውን ወጥመድ ነው፤ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆንና ሥሩ በሦስት ሳምንት ይበሰብሳል። በመረሬ ላይ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ አዘጋጁ፣ ዳሩን በድንጋይ ያዙት፣ አፈሩን፣ ኮምፖስቱንና ቀይ አሹን እኩል እኩል ቀላቅሉ። መፈተኛው፦ አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሁንም ከተኛ መደቡን ጨምሩበት።

ከፕላስቲኩ ስታወጡት ጎትታችሁ ሳይሆን ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀዳችሁ ነው። ግንዱን አትያዙ፤ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደ ካሮት ቀጭ ይላል። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ይተከል፤ ባዶ ሥር ከሆነ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሳንቲሜትር አፈር አልብሱት። በተክሎቹ መካከል 70 ሳንቲሜትር ተዉ። ሲተከል የማይታመን ርቀት ይመስላል፤ ነሐሴ ላይ ግን ይገናኛሉ። ከዚያ የደረቀ ቅጠል 5 ሳንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙበት፣ ከግንዱ አራት ጣት አርቃችሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለዚህ አይሆንም።

ማዳበሪያን በተመለከተ ዩሪያ አትስጡት። ግንዱ በሁለት ሳምንት ይመዘዛል፣ ውኃ ብቻ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ነፋስ ይጥለዋል፤ አበባውም ይዘገያል። በሰኔ አንድ ጣሳ፣ በሐምሌ መጨረሻ አንድ ጣሳ ኮምፖስት ከጉዝጓዙ ሥር ከተሰጠው ሌላ አይጠይቅም። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ውኃ በክረምት የሰማዩ ሥራ ነው። ችግሩ ዝናቡ ለአሥር ቀን ሲጠፋ፣ ወይም መስከረም ሲወጣ ነው። ተክሉ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ቢጥል አትደንግጡ፤ ማታ ካቀና ጤነኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይም እንደረገበ ካገኛችሁት ግን ጠምቶታል፤ በአንድ ተክል ከ5 እስከ 7 ሊትር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ወግቶ፣ ቂጡን ቆርጦ፣ ከሥሩ አጠገብ ዘቅዝቆ መቅበር ይረዳል፤ ቀስ እያለ ያጠጣል። ሳሙና የነካ እጣቢ አታፍሱበት።

አሁን ሻጮች ሁሉ ወደሚዘሉት ነገር። ጥቅምት ሲጋመስ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ። ኅዳር ላይ ግንዱ ከአንጓው ላይ እየተለያየ ይወድቃል፣ ታኅሣሥ ላይ መሬቱ ባዶ ነው። ይህ ሞት አይደለም። ተክሉ ስንቁን ሥሩ ውስጥ ከትቶ ተኝቷል፤ የበጋውን ድርቅ በጫካም የሚያልፈው እንዲሁ ነው። እንግሊዝ አገር ከቤት ውጭ የሚተክሉት አትክልተኞች አሉ፤ እዚያ ግንዱን ብርድ ይጥለዋል፣ ሥሩ ግን ጉዝጓዝ ለብሶ ይከርምና በጸደይ ያቆጠቁጣል። የእኛ የታኅሣሥ ብርድ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የሚገድለው ሰው ነው፦ አንዱ ደርቋል ብሎ ይነቅላል፣ ሌላው ይድናል ብሎ በየቀኑ ውኃ ያጠጣል። የተኛ ሥር ውኃ አይጠጣም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት በወር አንዴ አንድ ሊትር፣ አፈሩ ዱቄት እንዳይሆን ብቻ፣ ይበቃል። ግንዱን ራሱ ካልወደቀ አትቁረጡ። ቦታውን በሦስት ድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ አትክልተኛው በጥር ሲኮተኩት ሥሩን ለሁለት ይከፍለዋል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ ከቀረ ደግሞ ግንቦት ላይ፣ ቀይ ጫፍ ያለው ቡቃያ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል።

በዚያ ሰሞን ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው። ሌሊት ቡቃያውን ከአፈሩ እኩል አድርጎ ይበላዋል፣ ጠዋት የምታገኙት የሚያብረቀርቅ ለሀጭ ብቻ ነው። አመድ መበተን በደረቅ ቀን ይሠራል፣ አንድ ካፊያ ሲያርፍበት ግን አለቀ። የሚያዋጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በባትሪ መልቀም ነው፤ ወይም እርጥብ ጣውላ መሬት ላይ ትቶ ጠዋት ከሥሩ የተጠለሉትን መሰብሰብ። ሁለት ሳምንት ከተጠበቀና ግንዱ ከጠነከረ ቀሪውን ራሱ ይችለዋል። ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይ) አዲሱ ጫፍ ላይ ከሰፈረ በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል። ለበረዶ ግን መፍትሔ የለም፤ ሐምሌ ላይ አንድ ብርቱ በረዶ ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል፣ ግንዱንም ይሰብራል። የተሰበረውን ከአንጓ በላይ በስለት ቁረጡት፣ ከጎን ሁለት ቅርንጫፍ ይሰጣል። ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ሲሞላ በቀርከሃ ደግፉት፤ የምታስሩበት ጨርቅ እንጂ ሲባጎ አይሁን፣ ሲባጎ ግንዱን ይቆርጠዋል።

የተሰበረውን ግንድ አትጣሉት። ሦስት አንጓ ያለው፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁርጥራጭ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነስተው፣ እኩል በተቀላቀለ ቀይ አሽና ኮምፖስት ውስጥ ሁለት አንጓው ተቀብሮ ጥላ ሥር ከተቀመጠ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ነሐሴ ሳያልቅ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ለበጋው የሚሆን ሥር ሳያከማች ወቅቱ ይደርስበታል። ሥሩን መክፈል ለሚፈልግ፣ ጊዜው ተክሉ ሊነቃ ሲል ነው፤ እያንዳንዱ ክፋይ አንድ ዓይን ይኑረው፣ የተቆረጠው ፊት አመድ ተነስንሶበት ሁለት ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ። ጓንት አድርጉ፤ አለዚያ ጣታችሁ ሳታስቡት እንሶስላ ሞቆ ይከርማል።

ዘሩም ይበቅላል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የበሰለ ፍሬ በጣት ሲነኩት ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ዘሩን ሜትር ሙሉ ይረጨዋል። ለመሰብሰብ ፍሬው ሲወፍርና አረንጓዴው ሲፈዝ በስስ ሻሽ ሸፍኖ በክር ማሰር ነው። ዘሩን ሳታቆዩ ዝሩት።

ግቢ ለሌለው ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ከሥሩ ስምንት ቀዳዳ ተበስቶለት፣ በሰሜን ወይም በምሥራቅ በረንዳ ላይ አንድ ተክል በደንብ ይይዛል። ከዚያ ያነሰ ዕቃ ሥሩን ያጨናንቃል።

ለመሞቂያ ብሎ የሚተክል ሰው እስከ ሦስተኛው ዓመት ሥሩን አይንካው፤ ከዚያም በኋላ ከጎን ያበጡትን ሢሶ ያህል ብቻ አንስቶ፣ ዓይን ያለበትን መሀሉን ይተወው።

የዋጋ ነገር በወቅት ይዋዥቃል። ሐምሌና ነሐሴ አበባ ሲይዝ ይወደዳል፤ ያኔ የሚገዛው ያማረ ቢሆንም ሲተከል አበባውን ያረግፋል። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ሻጮች «የሞተውን» ጥግ ላይ ያከማቹታል። የፕላስቲኩን ታች መጫን ለሚያውቅ ሰው የግዢው ጊዜ ያ ነው፦ ሥሩ ጠንካራ ከሆነ በርካሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከነፕላስቲኩ ዝናብ በማይደርስበት ጥላ አስቀምጡት፣ መጋቢት ላይ ዓይኑ ሲቀላ ውኃ መስጠት ጀምሩ።